ከሰማያዊዋ ጀልባ ወደ ግራ

ስልኬ የጠራው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ እንጀራ እየመረጥኩ ሳለ ነው። ሐሙስ ጠዋት ነበር። ያኔ ሚድ ዊልሻየር በሚባለው ሰፈር አንዲት አረጋዊት ሴት እየተንከባከብኩ እዚያው አድር ነበር፤ ሐሙስ ሲሆን ልጃቸው ትረከበኛለች፣ እኔም ነፃ እወጣለሁ። ማታ የጸሎት ቡድናችን አለ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ድንበሩን ተሻግሬ ባለቤቴ ወደሚኖርባት የሜክሲኮ ባሕር ዳር ከተማ እወርዳለሁ። ስለዚህ የምወስድለትን ሁሉ የምገዛው ሐሙስ ሐሙስ ነበር።

ባለሱቋ ለሱ የሚስማማው ጠቆር ያለው እንጀራ መሆኑን ታውቃለች። «እትዬ፣ የጋሼን ለይቼ አስቀምጬዋለሁ» ብላ ከጓሮ ልታመጣልኝ ስትገባ ነው ስልኩ የጠራው።

የደወለችው በዚያች ከተማ ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤታችን ናት። የእኔና የእሷ ወሬ ሲሶው ስፓኒሽ፣ ሲሶው እንግሊዝኛ፣ የቀረው እጅ ነው፤ በስልክ ደግሞ እጅ አይታይም። እናም ስትደውል ሁልጊዜ አጭር አጭር ነበር የምትናገረው።

«ሴኞራ» አለችኝ፣ «ዛሬ ዳቦውን አልወሰደም።»

ሌላ ሰው ቢሰማው ምን አለበት፣ ነገ ይወስዳል ይላል። እኔ ግን የያዝኩትን ሽሮ መደርደሪያው ላይ መለስኩና የሱቁን ግድግዳ ተደገፍኩ። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ እንዲገባችሁ ስለዚያች ከተማ ትንሽ ልናገር።

ወደዚያ የወሰደን ምቾት ፍለጋ አይደለም። ባለቤቴ ጡረታ ወጣ፤ የቤት ኪራያችን ግን ጡረታ አልወጣም፣ እንዲያውም በየዓመቱ ይጎለምስ ነበር። አብሮት ፓርኪንግ ይሠራ የነበረ አንድ ሜክሲኳዊ «አክስቴ ባሕሩ ዳር የምታከራያት ቤት አለች፣ ሄዳችሁ እዩዋት» አለን። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሄደን አየናት። ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ፣ ከፊቷ ባሕር። መንገዱ አሸዋ ነው፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ መብራት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይሄዳል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ባሕሩን ብዙ ካየ በኋላ «ይሄ ሁሉ ውሃ እያለ በቦቴ?» አለ። እዚያው ተከራየናት።

ከተማዋ ውስጥ ከሜክሲኳውያኑ ሌላ ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ይኖሩ ነበር። ራሳቸውን «ኤክስፓት» ይላሉ። ባለቤቴ ቃሉን ሲሰማ ትርጉሙን ጠየቀ። የቀኝ ጎረቤታችን፣ ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል የኖረ አሜሪካዊ፣ «አገሩን ትቶ በሰው አገር የሚኖር ሰው ማለት ነው» አለው።

«ታዲያ እኛ ሎስ አንጀለስ ስንኖር ለምን ኢሚግራንት ተባልን?»

ፖስተኛው ቢራውን አስቀምጦ አሰበበት። «እንጃ» አለ፣ «እናንተ ስለምትሠሩ ይሆናል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተዋደዱ። እኔ በሌለሁበት ቀን እራታቸውን አብረው ይበሉ ነበር፤ ፖስተኛው የኔን ምስር ወጥ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ይጨርሰዋል። «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?» ይላል። ባለቤቴም «ፖስታ ላዘገየህባቸው ሰዎች ነው» ይለዋል።

እኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ የጎረቤቴን ስም የማላውቅ ሰው ነኝ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሊፍት ውስጥ «ሃይ» ብሎ ስልኩን ያያል፣ አንተም ስልክህን ታያለህ። ባለቤቴ ግን ይህን ነገር ሰውነቱ አልቀበል ብሎት ነበር። ያች የባሕር ዳር ከተማ ነፃ አወጣችው። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ይወጣል፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። ስፓኒሹን ከሬዲዮ ነው የለቃቀመው፤ ሰላምታው ግን የኛው ነው። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል።

«እንዴት አደርክ?» ይለዋል አንዱን ዓሣ አጥማጅ።

«ደህና።»

«ሚስትህስ?»

«ደህና ናት።»

«ልጆቹ? እናትህ? ጉልበቷ ተሻላት?»

«ተሻላት።»

«ጀልባህስ?»

መጀመሪያ መጀመሪያ ሰዎቹ ግራ ይገባቸውና መንገድ ሊያቋርጡ ይሞክሩ ነበር። ውሎ አድሮ ለመዱት። አንድ ቀን ዓሣ አጥማጁ ገና ከሩቅ ሲያየው «እኔ ደህና፣ ሚስቴ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ጀልባዋ ግን ትንሽ አሞአታል» ብሎ ጮኸለት። ባለቤቴ ለጀልባዋ ጸለየላት። የምሬን ነው፣ እጁን ጭኖ። እኔ አፈርኩ፤ ዓሣ አጥማጁ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

ከዚያ መርሳቱ መጣ። ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ በሩን እያንኳኳ። ባለቤቴ አገር ቤት ሳለ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ያገራችንን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሉ ይጠራቸው ነበር። አሁን የመንገድ ስም አይያዝለት ጀመር፣ ቀጥሎም የሰው ስም። ሐኪሙ ለጊዜው ብዙም አያሰጋም፣ መራመዱንና ከሰው ጋር መጫወቱን ግን አታስተዉት አለን። እኔም አየሁት። ስም ባይዝም ነገር ይይዛል። ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ በረንዳው ላይ ሁለታችን አምልከን ምሳችንን በልተን፣ ወደ ሥራዬ ከመነሣቴ በፊት ጉልበቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ አስጠናው ነበር።

«ከቤት ወጥተህ?»

«ባሕሩን በቀኜ ይዤ።»

«እስከ የት?»

«እስከ ሰማያዊዋ ጀልባ።»

«ከዚያስ?»

«ከሰማያዊዋ ጀልባ ወደ ግራ። ዳቦው ይሸተኛል።»

«ስትመለስስ?»

«ስመለስማ ዳቦውን የያዘ ሰው ቤቱ አይጠፋውም» ይለኛል፣ ተማሪሽ አታድርጊኝ በሚል ፊት።

ሰማያዊዋ ጀልባ የዚያ ዓሣ አጥማጅ አባት የነበረች፣ ከማዕዘኑ ላይ ተገልብጣ የቀረች አሮጌ ጀልባ ናት። ቀለሟ ተልጦ ግማሿ እንጨት ነበር፤ ድመት ይወልድባታል፣ ሕፃናት ይቀመጡባታል። ዳቦ ቤቱ ከሷ ወደ ግራ ገባ ብሎ ነው።

በዚህ መሐል ከተማዋ ተነሣች። መጀመሪያ የመብራት ምሰሶዎቹን ቀየሩ። ቀጥሎ የውሃ ቧንቧ ገባና ቦቴው ቀረ፤ የቦቴው ሹፌር በመጨረሻው ቀን ጥሩምባውን ከዳር እስከ ዳር እየነፋ ዞረ። በሩ ራሱ የሚከፈት ትልቅ ሱቅ ተከፈተ። ከከተማው ጫፍ አዲስ መናኸሪያ ተሠራ። መጨረሻ ላይ ባሕሩን ተከትሎ ሰፊ አስፋልት ሊነጠፍ ነው ተባለ፣ ከነእግረኛ መንገዱ፣ ከነዘንባባው።

አሜሪካውያኑ ስብሰባ ጠሩ። ከተማችን ተበላሸች አሉ። እዚያ የሚኖር የውጭ ሰው ሁሉ ከተማዋ የተበላሸችው እሱ ከመጣ ማግስት ጀምሮ ነው ብሎ ያምናል። አንዱ አስፋልቱን ለመቃወም ፊርማ ሲያሰባስብ ዳቦ ቤት ገባ። ባለዳቦዋ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ አየችው።

«ጭቃውን ትወደዋለህ?»

«የከተማዋ መልክ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ክረምት ሲመጣ የልጅ ልጆቼን ጫማ እያጠብክ ውደደው።»

እኔ የሷን ወገን ያዝኩ። ዓርብ ዓርብ እንጀራና ሽሮ የሞላበት ባለጎማ ሻንጣ አሸዋ ውስጥ ጎትቶ የማያውቅ ሰው ነው አስፋልት የሚጠላ። ጌታ ይመስገን፣ መንገዱ መጣልን ብዬ ጸልያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሠራተኞቹን በየቀኑ እየቆመ፣ ስለ ቤተሰባቸው እየጠየቀ፣ ሥራውን ሳያዘገይባቸው አልቀረም።

እንግዲህ ያን ሐሙስ «ዳቦውን አልወሰደም» ስባል የሰማሁት ይህን ሁሉ ነው።

«ቤት ሄደሽ አየሽ?» አልኳት።

«አየሁ። በሩ ክፍት ነው። ባርኔጣው የለም።»

ባርኔጣው ከሌለ ወጥቷል ማለት ነው። መንገዱን በሐሳቤ ሄድኩበት። ከቤት ወጥቶ፣ ባሕሩን በቀኙ ይዞ፣ እስከ...

«ጀልባዋስ?» አልኳት። «ሰማያዊዋ ጀልባ አለች?»

 የዳቦ ቤቱ በር ደወል ሲንቃጨል ይሰማኛል።

«ትናንት ወሰዷት» አለች፣ ቀስ ብላ። «አስፋልቱ ማዕዘኑ ጋ ደረሰ። በክሬን አንሥተው በመኪና ጫኗት።»

ገባኝ። ባለቤቴ አልጠፋም፤ እኔ ያስጠናሁትን ነው የሚያደርገው። ባሕሩን በቀኙ ይዞ እስከ ሰማያዊዋ ጀልባ። ጀልባዋ እስክትመጣ ድረስ ይሄዳል።

«ወደ ግራ አትፈልጊው» አልኳት። «ቀጥ ብለሽ ሂጂ። አስፋልቱን ተከትለሽ።»

ባለሱቋ እንጀራውን ይዛ ስትመለስ ፊቴን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ሳበችልኝ። ውሃ ሰጥታኝ ከጸሎት ቡድናችን ታክሲ ለሚነዳው ወንድም ደወለች። ብዙም አልቆየ። መኪናውን ማቆም በተከለከለበት ቀይ መስመር ላይ አቁሞ ገባ፤ ሌላ ጊዜ እኮ በሕግ የሚያቆም ሰው ነው።

«እትዬ፣ ፓስፖርትሽን ይዘሻል?»

«ከቦርሳዬ አይወጣም።»

«ኦኬ። ሶ፣ ነይ እንሂድ። የዛሬውን ሥራ ካንስል አድርጌዋለሁ፣ ቅዳሜ እተካዋለሁ።»

ባለሱቋ እንጀራውን በመስኮት አቀበለችን። «ሲገኝ ይበላዋል» አለች። ካልተገኘ አላለችም፤ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ፍሪዌዩ ላይ ስንገባ ልጸልይ ፈልጌ ቃል አጣሁ። ወንድማችን መሪውን ይዞ «አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጸልዪ፣ እኔ ገልጬ እጸልያለሁ» አለኝ። «ሁለታችንም ከጨፈንን ሜክሲኮ ሳይሆን በቀጥታ ጌታ ጋ ነው የምንደርሰው።» ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስኩ። ጌታ ሆይ፣ መግቢያ መውጫውን አንተ ጠብቅልኝ አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም፣ እሷኑ ደጋገምኳት። በቀኛችን አልፎ አልፎ ባሕሩ ብቅ ይላል። እሱም ይህንኑ ባሕር በቀኙ ይዞ እየሄደ ነው ብዬ አሰብኩ። ያችው ሐሳብ አጽናናችኝ፤ አንድ መንገድ ላይ ያለን መሰለኝ።

ድንበሩ ጋ ስንደርስ ፖስተኛው ደወለ። ድምፁ ደህና አልነበረም።

«አትደንግጪ» አለኝ። ሰው አትደንግጪ ሲል ነው የሚያስደነግጠው። «እዚህ የኛ የስልክ ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት ወጣ።»

ያ ግሩፕ አሜሪካውያኑ ስለ ውሻ ጩኸትና ስለ ግንባታው አቧራ የሚያማርሩበት ነው። ከተማዋ ስትዘምን እነሱም የዘመኑት በዚያ ነው።

«ምን ይላል?»

«አዲሱ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ጥቁር ሽማግሌ በማይታወቁ ሰዎች ተከቧል ይላል። አፉ ውስጥ በግድ የሆነ ነገር እየጨመሩበት ነው። ሽማግሌው እምቢ እያለ ነው። የጻፈው ሰው ፖሊስ ጠርቻለሁ ብሏል። እኔ ወደዚያ እየሄድኩ ነው፣ ግን ይሄ ጎልፍ ካርቴ አይሮጥም...»

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩት። «በምንድን ነው የሚጨምሩበት?»

«በምን ማለት?»

«በማንኪያ ነው ወይስ በእጃቸው?»

መልእክቱን እንደገና ሲያነብ ጠበቅኩት። «በእጃቸው» አለ። «ጠቅልለው።»

«እምቢ ሲላቸው ይተዉታል?»

«አይተዉትም። እየሳቁ ይለምኑታል፣ መልሰው ይሰጡታል ነው የሚለው። ይሄ ሳቅ ነው ሰውየውን ያስፈራው።»

ወንድማችን መሪው ላይ በእጁ መታ መታ አደረገ። «እምቢ ሲል እየለመኑት? በቃ፣ ሐበሻ ናቸው» አለ። እኔ እንባዬና ሳቄ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ወንድሜ» አልኩት ፖስተኛውን፣ «የኛ ልጆች ናቸው። ምሳ እያበሉት ነው።»

 «በግድ?»

«እኛ ጋ በግድ ነው የሚበላው።»

«ግን እምቢ እያለ ነው እኮ።»

«እምቢ ማለት ጨዋነት ነው። አንድ ጎርሶ ዝም ቢል ነበር የሚያሳስበኝ።»

ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ደረቀ። በዚያ ዓመት ከደቡብ፣ የስንት አገር ጫካና ወንዝ አቋርጠው፣ በዚያች ከተማ በኩል ድንበሩ ላይ ወዳለችው ቲዋና የሚያልፉ ያገራችን ልጆች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንጸልይላቸው ነበር፤ ዓይኔ ግን አንዳቸውንም አይቶ አያውቅም። እነዚያ ከሆኑ ፖሊስ ለነሱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«እባክህ ፖሊሱን ቀድመህ ድረስ» አልኩት። «ሽማግሌው ማዕድ ላይ ነው በላቸው። ዘመዶቹ ናቸው በል።»

«ዘመዶቹ ናቸው?»

«አዎ» አልኩ። ሐሰት የተናገርኩ አይመስለኝም።

ስንደርስ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ማዘንበል ጀምራ ነበር። አዲሱ መናኸሪያ ሁሉም ነገሩ ነጭ ነው፣ ቀለም ቀለም ይሸታል። ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ባለዳቦዋ ከነሽርጧ በአንድ በኩል እጁን ይዛዋለች፣ ፖስተኛው በሌላው በኩል። ራሱ ላይ፣ ከባርኔጣው ሥር፣ የኔ ያልሆነ አመድማ ሻሽ ታስሮለታል፤ አንገቱን ከፀሐይ እንዲከልልለት ከኋላ ለቀቅ ተደርጎ። እንደዚያ የምታስረው የኛ ሴት ብቻ ናት።

«መጣሽ?» አለኝ። «ልጆቹ ቀደሙሽ።»

ጌታ ልጅ አልሰጠንም። እኔ ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ ባለቤቴ ግን አንዳንዴ ይጠይቀዋል መሰለኝ። ያን ቀን «ልጆቹ» ሲል ድምፁ ውስጥ የሰማሁትን ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

የሆነውን የነገረችኝ ባለዳቦዋ ናት፣ አሁን እጇ ስለሚታየኝ በደንብ። አስፋልቱን ተከትላ መናኸሪያው ስትደርስ ከበውት ነበር። ሴቶችም ወንዶችም፣ የደከሙ፣ ጫማቸው ያለቀ። አንዲቷ ሴት ውሃ እያፈሰሰች እግሩን አጥባዋለች። ሌላው ቶርቲያ በሚሉት የበቆሎ ቂጣ ውስጥ ባቄላ እየጠቀለለ ያጎርሰዋል። እሱ በቃኝ ይላል፣ እነሱ የሆነ ቃል ይደጋግሙበታል። ቃሉን ልትነግረኝ ሞከረች፤ «በሞቴ» መሆኑ ነው። ለሷም ቀርበው አንድ አጎረሷት። «ዱቄት ስነካ ኖሬ በሰው እጅ በልቼ አላውቅም» አለችኝ፣ ከንፈሯን ነካ አድርጋ።

ከዚያ ፖስተኛው ገና ሳይደርስ የፖሊስ መኪናው መብራት ከመንገዱ ማዶ ታየ። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ተነሡ። የቲዋናው አውቶብስ ሊወጣ ነበር፣ ገቡበት። ባለቤቴ እጁን አንሥቶ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እነሱ ግን በመስኮት እያዩት ሄዱ። ፖሊሱ ደርሶ ሽማግሌውን ደህና ነህ ወይ አለው። ባለዳቦዋ «የኔ ደንበኛ ነው፣ ዳቦውን ረስቶ ነው» አለች። ፖሊሱ ሄደ፤ ከዚያ በፊት ግን ባለቤቴ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ጠይቆታል።

ወደ ቤት ስንመለስ የመጣው እንጀራ ተዘረጋ። ፖስተኛውም ባለዳቦዋም ወንድማችንም አብረን በላን። ባለቤቴ ግን አልቀመሰም።

«ምነው?» አልኩት። «ጠገብክ?»

«ምሳውስ ደህና ነበር። እንጀራው ትንሽ ደረቅ ብሎባቸዋል።» ወደ ባሕሩ አየ። «ሳልመርቃቸው ሄዱ።»

ወንድማችን «ጋሼ፣ ጌታ ይመርቃቸዋል፣ አያስቡ» አለው፤ ያን ቀን ብቻ አንቱ ሲል ሰማሁት።

«ጌታ ይመርቃቸዋል። የበላሁት ግን እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ።

እኛ ቤት ሽማግሌ በልቶ ሳይመርቅ ከማዕድ አይነሣም። አባቴም እንደዚያ ነበር፣ የሱም አባት። ምርቃት ለሽማግሌ የእጅ መታጠቢያው ማለት ነው፤ ያለሱ ምግቡ ያለቀ አይመስለውም። ባለቤቴ ስም ረስቷል፣ ወንዞቹን ረስቷል፣ ጀልባዋ መወሰዷን ደጋግመን ነግረነው ደጋግሞ ረስቶታል። ይህችን ነገር ግን አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ ለብቻው ልተወው አልደፈርኩም። ሎስ አንጀለስ፣ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር፣ ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን እኅት ጋር ቤት ተጋርተን መለስኩት። ባለዳቦዋ ስንለይ አንድ ከረጢት ዳቦ አስይዛው «እንዳትጠፋ» አለችው። ፖስተኛው አላለቀሰም፤ ምስር ወጡ ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ አለ። ያን ቀን ምስር አልሠራሁም ነበር።

ከባለቤቴ ጋር አሁንም ይደዋወላሉ። ባለዳቦዋ ሱቋን አሳድሳ መስታወት አስገብታለች፤ ሰው በስልክ ያዛል፣ ባለሞተር ያደርሳል። ክረምት ሲመጣ የልጅ ልጆቿ ጫማ ነጭ ነው። በቅርቡ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። አስፋልቱ ላይ አዲስ አደባባይ ተሠርቶ፣ መሐሉ ላይ በሲሚንቶ መደብ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ፣ አበባ ተተክሎባት፣ ጀልባዋ ቆማለች። ባለቤቴን በትራሱ ቀና አድርጌ አሳየሁት። መነጽሩን አስተካክሎ ብዙ አያት።

«ተገኘች?» አለኝ።

«ተገኘች።»

«ታማ ነበር እኮ» አለ። ቀጥሎም እሑድ እሑድ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ። «ልጆቹስ? ደረሱ?»

አላውቅም። መድረሳቸውን አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን አዲስ ፊት ባየሁ ቁጥር ጫማውን አያለሁ፣ እንደ እብድ። አንድ ጊዜ ፌርፋክስ ላይ አንዲት ሴት ሻሿን ከኋላ ለቀቅ አድርጋ አስራ አይቼ እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ ተከተልኳት፤ ዞር ስትል ፈገግ አለችልኝ፣ ምን ብዬ እንደምጠይቃት ጠፋኝና «እንዴት ዋልሽ?» ብቻ አልኳት። ባለቤቴ ቢሆን ስለ ቤተሰቧ ጠይቆ፣ ስለ መንገዷ ጠይቆ፣ እስከ ቲዋና ይደርስ ነበር።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለናንተ ነው። በዚያ ነጭ መናኸሪያ አግዳሚ ላይ ጀልባ ፈልጎ መንገድ የሳተ ሽማግሌ አግኝታችሁ እግሩን ያጠባችሁ፣ ከስንቃችሁ ያጎረሳችሁት ልጆች፤ ሻሽሽን ራሱ ላይ ያሰርሽለት እኅቴ፣ አንዱ ጥጓ በቀይ ክር የተጠገነችው ሻሽሽ ታጥባ ተተኩሳ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ፖሊስ የጠራባችሁ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ጉርሻ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ይቅር በሉት። ሩቅ አገር ከሆናችሁ መድረሳችሁን ብቻ ላኩብን፣ በምታውቁት ሰው፣ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን በኩል፤ እሑድ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ይኑረኝ። እዚህ ቅርብ ካላችሁ ግን ኑ፣ አብረን ምሳ እንብላ። ፊታችሁን ላያስታውስ ይችላል፣ እንዳታዝኑበት። ስለ እናታችሁ፣ ስለ ወንድሞቻችሁ፣ ስለ ሁሉም አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል፣ እንዳትቸኩሉበት። ከበላችሁ በኋላ ሲመርቃችሁ ደግሞ ትንሽ ጎንበስ በሉለት፤ እጁ እንደ ድሮው ከፍ አይልለትም።